«በብዛት መኖሪያ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

የሳኒተሪ ልጅ፦
ዛሬ የሰማሁት ነገር አናዶኛል። ጂ+4 ሕንፃ ነው። ምድር ላይ ሱቆችና አንድ ምግብ ቤት፣ ከላይ አፓርትመንት። አማካሪው «ሕንፃው በብዛት መኖሪያ ነው፣ ኤንኤፍፒኤ 13አር ይበቃዋል» ብሎ ፈረመ። 13አር ማለት እሳት ሲነሳ ከኮርኒስ ውሃ ለሚረጨው ስፕሪንክለር የወጣ የአሜሪካ ስታንዳርድ ነው፤ ለዝቅተኛ መኖሪያ ሕንፃ። ሱቅንም የሚሸፍነው ጠቅላላው ስታንዳርድ 13 ነው። «በብዛት» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ባለ ሳይት፦
ወንድሜ ረጋ በል። 13አር የታወቀ ስታንዳርድ ነው። ዓላማው ክፍሉ ጠቅላላ ሳይቀጣጠል ሰው እንዲወጣ ነው። ሱቁን በ13፣ ቤቶቹን በ13አር መሥራትም ይቻላል።

የሳኒተሪ ልጅ፦
ሱቁ በ13 ተሠርቶ ቢሆን አፌን እዘጋ ነበር። ሥዕሉን አይቼዋለሁ። ጨርቅ እስከ ኮርኒስ የሚከመርበት ሱቅ ላይ የመኝታ ቤት ስፕሪንክለር ነው ያለው። «በብዛት» የምትለዋ ቃል ሱቁን ዋጠችው። ደግሞስ 13አር እስከ 4 ፎቅ ነው፤ ይሄ 5 ነው።

ባለ ሳይት፦
ጂን ማን ይቆጥራል? ስሙ እኮ ጂ+4 ነው።

አራተኛ ፎቅ፦
እኔ እቆጥራለሁ። እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ላይ ነው የምኖረው። ቡና የምታፈላው ልጅ ከሰሏን የምታቀጣጥለው ደረጃው ሥር ነው። መውጫዬ በዚያ ብቻ ነው። እሷ ያለችበት ፎቅ እንዴት አይቆጠርም?

ባለ ሕንፃ፦
ስለ ውሃው ለምን አታወሩም? 13አር ቢበዛ 4 ስፕሪንክለር ለ30 ደቂቃ ነው የሚያሰላው። 6 ሺህ ሊትር ግድም ነው። ለሱቅ 13 ስትገባ በ139 ካሬ ላይ በደቂቃ ከ1,100 ሊትር በላይ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሆዝ የሚረጩትን ጨምረህ ለአንድ ሰዓት፣ 125 ሺህ ሊትር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይሄን ከየት ልሙላው?

ገለልተኛ፦
ጋሼ፣ በአውሮፓው ኢኤን 12845 ቢሄዱስ? ለሱቅ በ216 ካሬ ላይ በደቂቃ 5 ሚሊሜትር ውሃ ነው፤ በካሬ 5 ሊትር ማለት ነው። ለአንድ ሰዓት 65 ሺህ ሊትር ግድም ይመጣል።

የሳኒተሪ ልጅ፦
እባክህ ይሄን አትጀምር! አንዱን ከያዝክ ፓምፑንም፣ የስፕሪንክለሩን ርቀትም፣ ቧንቧውንም በሱ ትሄዳለህ። ከሁለቱም የረከሰውን መልቀም አይቻልም።

ገለልተኛ፦
ልቀም መቼ አልኩ? ሙሉውን በኢኤን ይሥሩት ነው ያልኩት። አንብበህ መልስ።

ባለ ሳይት፦
13አር ሰው ገድሏል? አንድ ምሳሌ አምጡ።

የሳኒተሪ ልጅ፦
ሰውስ አልሞተም። ግን በ2015 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ፣ ኤጅወተር ላይ በ13አር የተሠራ ትልቅ አፓርትመንት ወደመ። የቧንቧ ሠራተኞች የብየዳ ቶርች ግድግዳ ውስጥ ለኮሰው። እሳቱ ስፕሪንክለር በሌለበት በግድግዳና በጣሪያ ውስጥ ሄደ።

ባለ ሳይት፦
እሱ እንጨት ነው! የኛ ብሎኬትና ኮንክሪት ነው።

የሳኒተሪ ልጅ፦
ጨርቁም ብሎኬት ነው? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ አላየህም? እኔ ስለ ዕቃው ነው የማወራው።

ባለ ሕንፃ፦
መርካቶን እዚህ አታምጡ። የኔ ስድስት ሱቅ ነው።

የሳኒተሪ ልጅ፦
ጋሼ፣ ስድስቱም በላያቸው ሰው ይተኛል። ለሱቁ ብቻ እንኳ በ13 ያሠሩት።

ባለ ሳይት፦
አሁንም በብዛት መኖሪያ ነው።

አራተኛ ፎቅ፦
አሁን ወርጄ የኛን ሮቶ አየሁት። 10 ሺህ ሊትር ይላል። ጎኑን መታሁት፤ ከግማሽ በታች ነው። ለመታጠቢያውም ለእሳቱም ያለው እሱ ብቻ ነው።