የምጽፈው ሪፍሌክሽን ክፍሌን አልቀየረውም፤ እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም መምህራን። 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ወደ 60 ልጆች አሉ። ለተሙማ (ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) ፖርትፎሊዮዬ፣ ማለትም ለሥራ ማኅደሬ፣ በየሳምንቱ ሪፍሌክሽን (ስላስተማርኩት መለስ ብዬ የማስበውን) እጽፋለሁ፦ «ትምህርቱ ጥሩ ነበር፣ ጥቂት ተማሪዎች አልተሳተፉም።» ይታያል፣ ይፈረማል፣ አለቀ። ክፍል ስመለስ ግን ያው ነው። ጥያቄ ስጠይቅ የሚመልሱት ፊት የሚቀመጡት አራት አምስት ልጆች ናቸው። ሌላው ጭጭ። የባዮሎጂውም የፊዚክሱም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ያሳስበኛል። በእውነት የጠቀማችሁ ዘዴ አለ?

የባሕር ዳሩ መምህር፦
እህቴ፣ «ጥሩ ነበር» የሚል ማስታወሻ ለሚፈርመው ሰው እንጂ ለአንቺ አይጠቅምም። አንድ ነገር ብቻ መርጠሽ ተከታተዪ። እኔ የመረጥኩት ከጥያቄ በኋላ ያለውን ዝምታ ነው። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ድምፄን እቀዳለሁ። ማታ አሥር ደቂቃ ያህሉን ብቻ እሰማለሁ። ጠይቄ ስንት ሰከንድ ቆየሁ? ማንን ጠራሁ? መልሱን ራሴ ተናገርኩት?

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንኑ በሳይንስ ክፍሎች ለክታዋለች። መምህራኑ ይጠብቁ የነበረው 1 ሰከንድ ገደማ ነው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። የእኛ ልጅ ደግሞ ጥያቄውን ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ መልሱን ያስባል፣ እንግሊዝኛውን ይፈልጋል፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብሎም ይፈራል። ለዚህ ሁሉ 1 ሰከንድ ከየት ይበቃል?

ስለዚህ ጠይቂና መጀመሪያ ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ቀጥሎ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ያውሩበት። ከዚያ ጥሪ፣ ከኋላ ወንበር ጀምረሽ። ከሳምንት በኋላ እንደገና ቅጂና አወዳድሪ። ያኔ የምትጽፊው ነገር አይጠፋሽም።

መምህርት ከሐዋሳ፦
በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ልጆቹንም ጠይቂያቸው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ብጫቂ ወረቀት ላይ «ዛሬ ያልገባኝ» ብለው ይጽፉልኛል። ስም የለም። በአማርኛም በሲዳምኛም ይሁን፣ በእንግሊዝኛ ካስገደድኳቸው እውነቱን አላገኝም። እኔ ሰዋስው ይከብዳቸዋል ብዬ ስጨነቅ፣ ብዙዎቹ የጻፉት «ምን ሥሩ እንዳሉን አልገባንም» የሚል ነበር። አሁን መመሪያውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ አንድ ምሳሌም አብረን እንሠራለን። 60 ወረቀት ማንበብ ከባድ ነው፤ በቀን አንድ ረድፍ ይበቃል።

መምህርት ከደብረ ብርሃን፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ልጆቹ ስልኩን ሲያዩ አይረበሹም?

የባሕር ዳሩ መምህር፦
መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጂ። ለልጆቹም «የምቀዳው ራሴን ለማረም ነው፣ ለማንም አላሰማም» በያቸው። ሰምተሽ ስትጨርሺ አጥፊው። እኔ ጋ ለመጀመሪያው ቀን ትንሽ አንሾካሾኩ፤ ከዚያ ረሱት።