የጥቁርና ነጭ ስላይድ ኬሚካል የጋራ ግዥ፦ የዕቅድ ውይይት፣ አዳማ

ሰብሳቢ፦ ለማኅበራችን ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ መነሻው ይኸው። ስላይድ፣ ማለትም በፕሮጀክተር የሚታየው ፊልም፣ የሚወጣው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ዴቨሎፐር (ምስል አውጪ) ምስሉን በብር ማዕድን ያጠቁራል፣ ብሊቹ ያንን ብር ያሟሟል፣ ማጥሪያው የብሊቹን ቅሪት ያጸዳል፣ ሁለተኛው ዴቨሎፐር የቀረውን አጥቁሮ ስላይዱን ያወጣል። ለ40 ጥቅል ፊልም የሚበቃ ኬሚካል በጋራ እንገዛለን፤ በጥቅል ግማሽ ሊትር ብንይዝ ብሊቹ 20 ሊትር ይሆናል። ረቂቁ ሁሉም ከአዲስ አበባ ይምጣ ይላል። የማትስማሙ ምክንያታችሁን ከነመጠኑ ጻፉ።

የኬሚስትሪ መምህርት፦ እኔ አልስማማም። ለብሊቹ የሚያስፈልጉት ሁለቱም እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ። ፖታሺየም ፐርማንጋኔት ፋርማሲ ይገኛል፤ ለአንድ ሊትር 2 ግራም ስለሆነ ለ20 ሊትር 40 ግራም ይበቃል። ሰልፈሪክ አሲዱን ባትሪ ከሚሞሉ ቤቶች እንውሰድ። እዚህ ላይ ግን ሒሳቡን እንጠንቀቅ፦ ቀመሮች በሊትር 10 ሚሊ ሊትር ሲሉ የ98 ከመቶውን አሲድ ማለታቸው ነው። ጥግግቱ 1.28 የሆነ የባትሪ አሲድ 37 ከመቶ ገደማ ስለሆነ በምትኩ 40 ሚሊ ሊትር ይገባል። አሲዱ ካነሰ ፐርማንጋኔቱ ቡናማ ዝቃጭ ሆኖ ይቀመጣል፣ ብሩም ሳይሟሟ ፊልሙ ላይ ይቀራል።

አንደኛው ጠርሙስ በሊትር 4 ግራም ፐርማንጋኔት፣ ሁለተኛው በሊትር 80 ሚሊ ሊትር የባትሪ አሲድ ይያዝ። እኩል በእኩል የሚቀላቀሉት ፊልሙ ሊገባ ሲል ብቻ ነው፤ ከተቀላቀሉ በኋላ ከሰዓታት በላይ አይቆዩም። አሲድ ሁልጊዜ ወደ ውሃ ይጨመራል። የፐርማንጋኔት ፍሬ ያልቀጠነ አሲድ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ፤ ሊፈነዳ ይችላል። ይህ በሐሳቡ ውስጥ በደማቁ ይጻፍልኝ።

የግዥ ኃላፊ፦ ፐርማንጋኔትም ሰልፈሪክ አሲድም በ1988ቱ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት የቁጥጥር ሰንጠረዦች ውስጥ አሉ። ስለዚህ ከየፋርማሲው ጥቂት ጥቂት መለቃቀም ጥርጣሬ ነው የሚያመጣብን። ዓላማውንና መጠኑን የሚገልጽ የማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘን ከአንድ ቦታ እንግዛ። አሲድ በሚኒባስ ማመላለስም ይቀርልናል።

የፎቶ ቤት ባለሙያ፦ ፐርማንጋኔት የፊልሙን ጄላቲን (ምስሉን የያዘውን ሽፋን) ያለሰልሳል፣ በተለይ በአዳማ ሙቀት። በምትኩ ባይክሮሜት (የክሮም ጨው) ይሻላል ባይ ነኝ። ሞጆ ያሉት ቆዳ ፋብሪካዎች ክሮም ስለሚጠቀሙ ከእነሱ ብንጠይቅስ?

የኬሚስትሪ መምህርት፦ ጋሼ፣ ስለ ጄላቲኑ ልክ ነዎት። የቆዳ ፋብሪካው ክሮም ግን ክሮሚየም ሰልፌት ነው፤ ብርን ኦክሲዳይዝ አድርጎ የማሟሟት አቅም የለውም። ባይክሮሜት ደግሞ ካንሰር የሚያመጣው ዓይነት ክሮም ነው፤ ከየቤቱ ማጠቢያ ወዴት እንደሚፈስ እናውቃለን። ሐሳቡ በግልጽ ይከልክለው። ለሙቀቱ መላ አለው፦ ብሊቹ ከ20 ዲግሪ እንዳያልፍ ጠርሙሱ በረዶ ያለበት ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ፣ ማለቅለቂያ ውሃውም በዚያው ሙቀት ይዘጋጅ። ፊልሙ ከብሊች እስኪወጣና እስኪደርቅ ፊቱን በጣት መንካት አይገባም።

የፎቶ ቤት ባለሙያ፦ እሺ፣ ተቀብያለሁ። ታዲያ ውሃውንም ጻፉ። ለብሊች የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብሊቹ ካሟሟው ብር ጋር ሲገናኝ ሲልቨር ክሎራይድ ሆኖ ተመልሶ ፊልሙ ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛው ዴቨሎፐር ያጠቁረዋል። ነጭ መሆን የነበረበት ሰማይ ግራጫ መጋረጃ ለብሶ ይወጣል። ማፍላት ክሎሪንን እንጂ ክሎራይድን አያስወጣም። ለባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ይገዛ።

አዲስ አባል፦ በወንጂ አካባቢ ጉድጓድ ውሃ የሚበዛው ፍሎራይድስ አያበላሽም?

የኬሚስትሪ መምህርት፦ ለጥርስና ለአጥንት እንጂ ለብሊቹ አያሰጋም፤ ሲልቨር ፍሎራይድ በውሃ በደንብ ይሟሟል። ጠላታችን ክሎራይድ ነው።

ወደ ዴቨሎፐሩ ልለፍ። ዲ-19 የተባለው የኮዳክ ዴቨሎፐር ቀመር በሊትር 90 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 8 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 45 ግራም ሶዳ አሽ፣ 5 ግራም ፖታሺየም ብሮማይድ እና 2 ግራም ሜቶል ነው። ሜቶል ካስቸገረ 0.2 ግራም ፌኒዶን በትንሽ አልኮል አሟሙቶ መተካት ይቻላል። ለመጀመሪያው ዴቨሎፐር ብቻ በሊትር 8 ግራም ሃይፖ (የብር ጨውን የሚያሟሟው ሶዲየም ታዮሰልፌት) ይጨመር፤ ነጩ ካልጠራ ከፍ፣ ጥቁሩ ከሳሳ ዝቅ ይደረጋል።

ሰልፋይቱን አንግዛ። ሜታባይሰልፋይት ለማጥሪያውም በሊትር 25 ግራም ስለሚያስፈልገን ከእሱው እንሥራው፦ ለ100 ግራም ሰልፋይት 75 ግራም ሜታባይሰልፋይትና 32 ግራም ኮስቲክ ሶዳ። ኮስቲኩም ሶዳ አሹም ለላርጎና ለሳሙና ሠሪዎች ከሚሸጡት ይገኛል። ኮስቲኩ በቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨመር፣ ኃይለኛ ሙቀት ይፈጥራል። እርጥበት ጠጥቶ የተጣበቀ ኮስቲክ አይወሰድ፤ ሚዛን ላይ የሚከብደው ውሃው ነው። ኮስቲክ ሲያንስ ዴቨሎፐሩ ይደክማል፣ ስላይዱም ጨልሞ ይቀራል።

የግዥ ኃላፊ፦ እንግዲያው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሃይድሮኪኖን፣ ፌኒዶን፣ ብሮማይድ፣ ሃይፖና ሜታባይሰልፋይት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ዴቨሎፐር ደጋግመን ስለምንጠቀምበት ጠቅላላ ዴቨሎፐሩን 25 ሊትር አድርጌ ሳሰላው ሃይድሮኪኖን 200 ግራም፣ ብሮማይድ 125፣ ፌኒዶን 5 ግራም፣ ሜታባይሰልፋይት ከማጥሪያው ጋር 2.2 ኪሎ ይወጣል። ሜታባይሰልፋይት አየር ካገኘው ስለሚደክም 2.5 ኪሎ በታሸገ ዕቃ እላለሁ።

ሰብሳቢ፦ ረቂቁን በዚህ መልክ አስተካክላለሁ። የቀረው ፍሳሹ ነው።

የኬሚስትሪ መምህርት፦ ያገለገለው ብሊች በአንድ ጄሪካን ይሰብሰብ። ሐምራዊ ቀለሙ እስኪጠፋ ያገለገለ ማጥሪያ ይጨመርበታል፤ ሽታ ስላለው ደጅ ላይ ይሁን። ከዚያ የገበታ ጨው ሲገባበት ብሩ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ያን አጥልለን እናስቀምጣለን። የቀረው አሲድ መፍላቱ እስኪያቆም በሶዳ አሽ ይገደላል። ጄሪካኑን ማን እንደሚረከብ ከግዥው በፊት ይወሰን።

የፎቶ ቤት ባለሙያ፦ የእኔ ቤት ጓሮ አለው፣ እኔ እረከባለሁ።