ለውጥን በየዕድሜው ቀስ በቀስ እንዴት ትለምዱታላችሁ?

ጥያቄ፦ ከማለዳ

የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ ከእነዚህ ዓመታት 24ቱን ያሳለፍኩት በልብስ ስፌት ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጧት ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ስሞክር አቃተኝ። ጫፉን በምላሴ አረጠብኩት፣ በመቀስ አስተካክዬ ቆረጥኩት፣ መርፌውን ወደ ብርሃን አዞርኩት፤ ክሩ ግን በቀዳዳው ግራና ቀኝ እያለፈ አልገባ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብራኝ የምትሠራውን ወጣት «እስኪ አንቺ አስገቢልኝ፣ እኔ ሥራ ይዣለሁ» እያልኩ ሳስቸግራት ወራት አለፉ። በእጄ የያዝኩት ሥራ ግን አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር አፍሬ ነው።

ነገሩ የዓይን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍኩ ነበር። በዚያው ሰሞን የመጨረሻዋ ልጄ ለትምህርት ከቤት ወጣች። ድሮ ቤቱ በሰው ካልሞላ ደስ የማይለኝ ሰው ነበርኩ፤ ዛሬ ግን እንግዳ ሲሄድልኝ እፎይ እላለሁ። ወዳጆቼ «ተለውጠሻል» ይሉኛል፤ መቼ እንደተለወጥኩ ግን እኔ ራሴ አላውቀውም። የሚያስጨንቀኝም መለወጤ ሳይሆን ለውጡ ሳላየው ገብቶ መቀመጡ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን እንደዚህ በድንገት ሳይሆን እየተዘጋጁ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየለመዱ መቀበል ይቻላል? ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ ምን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ ከብርሃን

በዓይን ሕክምና ዘርፍ የምሠራ ባለሙያ ስለሆንኩ ከማውቀው ልጀምር። በድንገት ደረሰብኝ ያሉት ነገር በእርግጥ ድንገተኛ አይደለም። የዓይናችን ሌንስ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ለማሳየት ቅርጹን መለወጥ ይኖርበታል፤ ይህ ችሎታው መቀነስ የሚጀምረው ደግሞ በ40 ዓመት ሳይሆን ገና በልጅነት ነው። የ10 ዓመት ልጅ በግምት 7 ሴንቲ ሜትር ድረስ አስጠግቶ አጥርቶ ያያል፤ የ20 ዓመት ወጣት 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያስፈልገዋል፤ 45 ዓመት ሲሞላ ርቀቱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። እርስዎ ልብስ መስፋት የጀመሩ ዕለትም ለውጡ በሥራ ላይ ነበር። የዚያን ቀን ጧት የሆነው ቀዳዳው እርስዎ ከለመዱት ርቀት ውጭ መውጣቱ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ሳያውቁት ለ24 ዓመታት ሲለምዱት እንደነበር ለማሳየት ጭምር ነው።

መነጽር ማድረግ ዓይንን ያሰንፋል የሚለው በሰፊው የሚወራ ነገር እውነት አይደለም፤ መነጽር ባያደርጉም ሌንሱ መጠንከሩን አያቆምም። ወደ ምርመራ ሲሄዱ ከዓይንዎ እስከ መርፌው ያለውን ርቀት በሜትርዎ ለክተው ይንገሯቸው፤ የንባብ ርቀትና የስፌት መኪና ርቀት አንድ ላይሆን ይችላልና። ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የሚያሳየውን መነጽር ከመረጡ ደግሞ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ወለሉ የሚወዛወዝ ሊመስልዎ ይችላል። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጊዜ እያወለቁ ያስቀምጡታል፤ ከዚያም «አልተስማማኝም» ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ሲያደርጉት ነው አእምሮ የሚለምደው። ሐኪሙ የሰጠዎት ቁጥርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና መታየት አለበት።

ምላሽ፦ ከብቸኛው መንገደኛ

እህቴ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ብዙ ሰው ለማበረታቻ ሲጠቅሰው እሰማለሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል ባይ ነኝ፤ እንቁላሉ የሚያድገው ወደ ሙላት ነው፣ የሰው ልጅ ግን ከሚጎድልበትም ነገር ጋር መኖርን መልመድ አለበት። ባለቤቴ ያረፈችው በሦስት ቀን ሕመም ነው። ለዚያ መዘጋጀት አልነበረም፣ ቀስ በቀስ የሚባል ነገርም አልነበረም። ቀስ ብሎ የመጣው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከአንድ ዓመት በላይ የተኛሁት በአልጋው ግራ በኩል፣ የድሮ ቦታዬ ላይ ነው። ትራሷን ከቦታው አላነሳሁትም። አንድ ሌሊት ስነቃ መሐል ላይ ተኝቼ ራሴን አገኘሁት፤ አለቀስኩ፣ ተመልሼም ወደ ግራ ተጠጋሁ። ከሳምንታት በኋላ እንደገና መሐል ላይ ነቃሁ፤ በዚያኛው ጊዜ ግን አልተመለስኩም። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሐዘንተኛ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ጎደለበት ነገር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ኑሮውን እንደ አዲስ ወደ ማቃናቱ እየተመላለሰ እንደሚጓዝና መመላለሱ ራሱ የመልመድ አካል እንደሆነ አስረድተዋል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ወደ ግራ በመመለሴ ያደረብኝ እፍረት ለቀቀኝ። ስለዚህ እርስዎም ልጅዎን ናፍቀው አንድ ቀን ቢያለቅሱ፣ በማግስቱ ደግሞ በጸጥታው ቢደሰቱ፣ ሁለቱም እውነተኛ ነው። አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም።

ምላሽ፦ ከጡረተኛዋ መምህርት

ልጄ፣ 71 ዓመቴ ስለሆነ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ለውጡን ሳላየው ገባ ያልሽው የአንቺ ብቻ ችግር አይደለም። ዮርዲ ክዋድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 68 የሆኑ ከ19,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። በየትኛውም ዕድሜ ያሉት ባለፉት አሥር ዓመታት ብዙ እንደተለወጡ ሲናገሩ፣ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ግን ያን ያህል እንደማይለወጡ ገምተዋል። እኔም በ50 ዓመቴ «እንግዲህ ሰው የምሆነውን ሆኛለሁ» ብዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ሆኛለሁ።

በ55 ዓመቴ ድምፄ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ የወሰድኩት እርምጃ መጮህ ነበር፤ ውጤቱም በየሳምንቱ መጨረሻ ድምፅ አልባ መሆን ሆነ። በኋላ የማስተምራቸውን ክፍሎች ቁጥር ቀነስኩ፣ ተማሪዎቹን ወደ ፊት ወንበሮች አቀረብኳቸው፣ ረጅሙን ማብራሪያ ወደ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመጣሁት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ባልተስ ስለ እርጅና ሲጽፍ የፒያኖ ተጫዋቹን የአርተር ሩቢንስታይንን ምሳሌ ያነሣ ነበር። ሰውየው ሲያረጅ የሚጫወታቸውን ሥራዎች ቁጥር ቀነሰ፤ ያስቀራቸውን ደግሞ ከበፊቱ አብልጦ ተለማመደ፤ ፈጣን ክፍል ከመድረሱ በፊት ያለውን ዝግ አድርጎ ስለሚጫወተው ፈጣኑ ከነበረው ይልቅ ፈጣን ሆኖ ይሰማ ነበር። መተው፣ ማጥበቅ፣ በሌላ መተካት፤ አንቺም መርፌና ክር እያለሽ ይህን ማድረግ አያቅትሽም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። «በጥቂት በጥቂቱ» የሚለው ምክር ሰዓትና ቦታ ካልተቆረጠለት ለነገ ማሳደሪያ ይሆናል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት የለንደን ጥናት 96 ሰዎች አንድ ትንሽ ነገር በየቀኑ በአንድ ዓይነት አጋጣሚ እንዲያደርጉ ተጠይቀው ነበር። ነገሩ ልማድ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ በአማካይ 66 ቀን ሲሆን ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ በሁለተኛው ወር «አልቻልኩም» ብለሽ እንዳትተዪው፤ ምናልባት የአንቺ ቁጥር 200 ሊሆን ይችላል። ደግሞም ያቺን ወጣት ሴት እውነቱን ንገሪያት፤ መደበቅ ከማርጀት የበለጠ ጉልበት ይጨርሳል።

ምላሽ፦ ከማለዳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይህን የምጽፈው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ርቀቱን ለካሁት፤ 41 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ መነጽሬም በዚያው ልክ ተሠራ። መጀመሪያ ያደረግኩት ቀን የራሴን ስፌት ሳየው ደነገጥኩ፤ ባለፈው ዓመት ቀጥ ያለ የመሰለኝ የእጅ ቅምቅማት ከቀጥታው እየወጣ ነበር፤ ሁለት ልብሶች ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ። የእጅ ጥልፍ ሥራ ከምሽት ወደ ጧት አዛውሬዋለሁ፤ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር መስፋት ግን ለወጣቷ ትቼላታለሁ። እውነቱን ስነግራት «አውቄ ነበር እኮ» አለችኝ፤ ለካ ጧት ጧት ከእኔ ቀድማ እየገባች መርፌዎቹን ሁሉ ክር አስገብታ ትጠብቀኝ ኖሯል።

ወንድሜ መንገደኛው፣ የትራሱን ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የልጄን ክፍል ገና አልነካሁትም። ጧት በሩን እከፍተዋለሁ፣ ማታ እዘጋዋለሁ። ትናንት ግን ብርሃኑ እዚያ የተሻለ መሆኑን አይቼ የጥልፍ ሥራዬን ይዤ ገባሁና ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ።