ሳይጠናቀቅ የቀረ ክትትል፦ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን መረጃ እንዴት ልተንትን?

በድሬዳዋ የምሠራ ነርስ ስሆን፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ከ37 ሳምንት በፊት የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ያለባቸውን የሞት አደጋ ከአንድ ሆስፒታል መዝገብ እያጠናሁ ነው።

የተቸገርኩት በክትትሉ ጉዳይ ነው። መዝገቡ ሕፃናቱ ከሆስፒታሉ ከወጡ በኋላ የደረሱበትን አይናገርም፤ ከፊሎቹ ድነው ወጥተዋል፣ ከፊሎቹ ለተጨማሪ ሕክምና ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ተልከዋል፣ ጥቂቶቹን ደግሞ ቤተሰብ ሕክምናው ሳያልቅ ይዟቸው ሄዷል። እስካሁን ሁሉንም በወጡበት ቀን ክትትላቸው እንደተቋረጠ ቆጥሬ፣ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የካፕላን ሜየር ግምት (በሕይወት የመቆየት ዕድል በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳይ) እና የኮክስ ሞዴል (የተለያዩ ነገሮች ከሞት አደጋ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚለካ) ሠርቻለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት የሚያስኬደው ክትትሉ የተቋረጠበት ሕፃን የመሞት ዕድል ከቀሩት ጋር ሲመሳሰል ብቻ በመሆኑ፣ ድኖ የወጣውንና በጠና ታሞ የተላከውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጤ ለራሴም አላሳመነኝም። ድኖ መውጣትን እንደ ተፎካካሪ ክስተት፣ ማለትም አስቀድሞ በመድረሱ የሚጠናው ሞት እንዳይከሰት እንደሚያደርግ ሌላ ክስተት ወስጄ፣ ይህን ከግምት የሚያስገባውን የፋይንና ግሬይን ሞዴል ብጠቀም ይሻላል? ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላኩትንስ ከየትኛው ወገን ልመድባቸው?

የእርግዝናውን ዕድሜ ያሰላሁት ከመጨረሻው የወር አበባ ቀን ነው። መጀመሪያ ላይ ጳጉሜን ረስቼ 5 ቀን በማጉደሌ፣ 37 ሳምንት ከ2 ቀን የሞላው ሕፃን 36 ሳምንት ከ4 ቀን ሆኖ ጥናቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እሱን አርሜዋለሁ። የመንትዮች ዕጣ የሚመሳሰል በመሆኑም፣ በስሌቱ ውስጥ በእናታቸው አያይዣቸዋለሁ።

በመሰል መረጃ የሠራችሁ ብትመሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።