የቀይ ስር ዱቄቴ እርጥበት እየሳበ አስቸገረኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከጎንደር ነው የምጽፈው። ለልጆች ኬክ ሰው ሠራሽ ቀለም መጨመር ስለማልፈልግ ከቀይ ስር ቀለም አዘጋጃለሁ። ቤታኒን የሚባለው ቀለሙ ሙቀት፣ ብርሃንና ኦክስጅን አይችልም። ጭማቂው መስኮት አጠገብ ከቆየ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለሙ እንዲጸና የጭማቂውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) በሎሚ ወደ 5 አወርደዋለሁ። ከዚያ ቀለሙን እንዲሸፍኑልኝ ከግራር ሙጫና ከማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ነጭ ዱቄት) ጋር በደንብ መትቼ፣ በስሱ አፍስሼ በ50 ዲግሪ አደርቀዋለሁ፤ ከዚያ እፈጨዋለሁ።

ሲፈጭ ቀለሙ ልብ ያሞቃል። ፈተናው ክረምት ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ቀስ በቀስም ይደበዝዛል።

ስፕሬይ ድራየር (ፈሳሽን በሙቅ አየር ውስጥ እየረጨ ዱቄት የሚያደርግ ማሽን) የለኝም። ታዲያ ሽፋኑ እርጥበት እንዲቋቋም ሙጫውን ልጨምር ወይስ ማልቶዴክስትሪኑን? መጠኑን በተግባር የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ውስጥ አቀዝቅዞ የሚያደርቅ ማሽን ያለው ሰው የምታውቁም ጠቁሙኝ።