ትምህርት ቤታችን ሊታደስ ነው፤ ልጆቹ ለ2 ዓመት ወደ ስዊንግ ስፔስ (እድሳቱ እስኪያልቅ የሚማሩበት ጊዜያዊ ሕንፃ) ይሄዳሉ ተባልን (ዋሺንግተን ዲሲ)

የሰሜን ምዕራብ ወላጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ቤቱ የዲሲ መንግሥት አንደኛ ደረጃ ነው። ከኦገስት ጀምሮ ለ2 የትምህርት ዓመት 3 ማይል ገደማ ርቆ ወዳለ ሕንፃ ይዛወራሉ የሚል ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ብቻ መጣ። ስብሰባው ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ብዙዎቻችን በፈረቃ የምንሠራና መኪና የሌለን ነን። "አንሄድም" ብለን ፊርማ እናሰባስብ ወይስ የሚሻል መንገድ አለ?

ባለ ቃለ ጉባኤው፦
"አንሄድም" የሚለውን ተዉት። እድሳቱ በከተማው የ6 ዓመት የካፒታል በጀት ገብቶ ዲዛይን ከተጀመረ በኋላ እሱን ማስቀልበስ ከባድ ነው። ልጆቹ እዚያው እየተማሩ ይታደስ ብትሉም ሥራው ይረዝማል፣ አቧራውንም የሚውጡት እነሱ ናቸው። ፊርማውን አሰባስቡ፤ ግን የሚፈረምበት ወረቀት ላይ ቁጥር ያለው ጥያቄ ይኑር፦ ስንት አውቶቡስ፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት።

ጥያቄው ለማን እንደሚሄድም ለዩ። ግንባታውን የሚያስተዳድረው ዲጂኤስ (የከተማው ሕንፃዎች መሥሪያ ቤት) ነው፤ አውቶቡስና የደወል ሰዓት የዲሲፒኤስ (የዲሲ መንግሥት ትምህርት ቤቶች) ዋና ቢሮ ጉዳይ ነው። ርእሰ መምህሯን ስለ አውቶቡስ ብትወጥሯት ገንዘቡ እጇ ላይ የለም። ለእያንዳንዱ እድሳት ወላጆች ያሉበት ሲት የሚባል ቡድን (ስኩል ኢምፕሩቭመንት ቲም) ይቋቋማል። ቢያንስ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ እዚያ ይግባ፤ ቃለ ጉባኤውንም በየጊዜው ጠይቁ።

ቋንቋውን በተመለከተ መብት እንጂ ልመና አይደለም። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው (ከሁለቱ ያነሰው) ለሚናገረው ቋንቋ ደግሞ ዋና ዋና ሰነዶች መተርጎም አለባቸው። ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፉ፤ የደብዳቤውን ትርጉምና ለስብሰባው አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ፣ ስንት ወላጅ እንደምትመጡ ግለጹ። አንድ አስተርጓሚ ጥግ ይዞ ለ20 ሰው ቢያንሾካሹክ ግን ምንም አትሰሙም፤ ተራ በተራ ሲተረጎም ደግሞ ግማሹ ጊዜ ለትርጉም ስለሚሄድ የ1 ሰዓቱ ስብሰባ 30 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ትርጉም ወይም ለብቻው የአማርኛ ስብሰባ ጠይቁ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እምቢ ካሏችሁ አቤቱታው የሚቀርበው ለዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ነው።

የአውቶቡስ ሂሳብ፦
"ሽትል ይኖራል" የሚለውን መልስ ይዛችሁ እንዳትወጡ። የአውቶቡሱ 72 መቀመጫ የሚባለው በአንድ ወንበር 3 ትንንሽ ልጆች ተጠጋግተው ሲቀመጡ ነው፤ አምስተኛ ክፍሎች ከነቦርሳቸው 2 ሆነው ነው የሚቀመጡት። በአማካይ 60 ብትሉ ለ240 ልጅ 4 አውቶቡስ ያስፈልጋል።

2 አውቶቡስ መድበው "2 ዙር ይመላለሳል" ካሉ አስሉት። ትምህርት 8፡45 (በፈረንጅ ሰዓት) ይጀመራል እንበል። ቁርስ እንዲበሉ ሁለተኛው ዙር 8፡30 መድረስ አለበት። መንገዱ በጠዋት ትራፊክ 25 ደቂቃ ከወሰደ 8፡05 ይነሳል፤ ከዚያ በፊት 10 ደቂቃ መጫኛ አለ። አውቶቡሱ ለዚህ በ7፡55 ተመልሶ መቆም ስላለበት፣ የመጀመሪያው ዙር ከ7፡05 አካባቢ በፊት መነሳት ግድ ነው። እነዚያ ልጆች 7፡30 ላይ በሩ ላይ ናቸው። ማን ይቀበላቸዋል? በሩስ ክፍት ነው? ይህን በስብሰባው ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ አስሰጡ። አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ አዋቂ ስለመኖሩም እንዲሁ።

ኪድስ ራይድ ፍሪ (ለዲሲ ተማሪዎች የሚሰጠው ነፃ የአውቶቡስና የባቡር ካርድ) የሚያገለግለው ለልጁ ነው። የ7 ዓመት ልጅ አድርሶ መጥቶ እንደገና ሄዶ የሚያመጣ ወላጅ በቀን 4 ጉዞ አለው፤ በ2.25 ዶላር ትራንስፈሩን ሳንቆጥር 9 ዶላር ነው። ፉድ ስታምፕ ያላችሁ በሜትሮ ሊፍት (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የትራንስፖርት ቅናሽ) ግማሽ ትከፍላላችሁ።

የሰሜን ምዕራብ ወላጅ፦
እግዜር ይስጥልን። አፍተርኬርስ (ከትምህርት በኋላ ልጆች የሚቆዩበት)? ልጆቹ የሚገቡበት ሕንፃስ ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?

የአውቶቡስ ሂሳብ፦
አፍተርኬሩን የሚሰጠው የግል ድርጅት ከሆነ ፈቃዱ ከአድራሻው ጋር የተያያዘ ነው። ለአዲሱ ሕንፃ ፈቃድ ካላወጣ ሴፕቴምበር ላይ በር ይዘጋባችኋል፤ ማመልከቻ ማስገባቱን በስፕሪንግ አረጋግጡ። ማታ የሚመለስ ሽትል ከሌለም እስከ 6፡00 (በፈረንጅ ሰዓት) የሚቆይ አፍተርኬር ዋጋ የለውም።

ውሃና ግድግዳ፦
ባዶ የከረመ ሕንፃ ከሆነ ቧንቧውን ጠይቁ። በዲሲ ሕግ ልጆች የሚጠጡበት ቧንቧ ሁሉ ማጣሪያ ሊኖረው፣ በውሃው ውስጥ ያለው ሊድም (የእርሳስ ብረት) በየዓመቱ ሊመረመር ይገባል፤ ገደቡ 5 ፒፒቢ (ከቢሊዮን 5 እጅ) ነው። ውጤቱን በየቧንቧው ለዩልን በሉ፣ "አልፏል" የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የአስቤስቶስ (በድሮ ሕንፃዎች ውስጥ ያለ፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ነገር) ማኔጅመንት ፕላኑንም ማየት ትችላላችሁ፤ በፌዴራል ሕግ ጥያቄው በደረሳቸው በ5 የሥራ ቀን ማሳየት አለባቸው። ሕንፃው ድሮ ሃይስኩል ከነበረ ደግሞ ፕሪኬዎቹ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያሉት የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች) የሚጠቀሙበትን ሽንት ቤት ገብታችሁ እዩት፤ የ4 ዓመት ልጅ እጅ መታጠቢያው ላይ አይደርስም።

ባለ ቃለ ጉባኤው፦
አይኢፒ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ) ኖሮት በአውቶቡስ የሚሄድ ልጅ ካለ፣ የአድራሻ ለውጡ ለኦሲ ትራንስፖርት (እነዚህን አውቶቡሶች የሚያሠማራው የዲሲ መሥሪያ ቤት) እንዲላክ ከሰመር በፊት አስደርጉ፤ በራሱ አይዛወርም።

ልጄን አስወጣለሁ የምትሉም ቆም በሉ። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ያለና በሰፈሩ ክልል የሚኖር ልጅ ቢወጣም የመመለስ መብት አለው። ከክልሉ ውጭ በሎተሪ የገባ ግን ቦታውን ያጣል፤ ሲመለስ እንደ አዲስ ማይ ስኩል ዲሲ (የትምህርት ቤት ሎተሪው) ላይ ማመልከት ይኖርበታል። ፕሪኬ ከሆነ በክልሉ ቢኖርም በሎተሪ ነው።