«ምንትዋብ» ለሴት ልጅ ስም፦ ትርጉሙ፣ አጻጻፉ፣ የማይዘወተርበት ምክንያት

ስም ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለምትወለድ ሴት ልጅ «ምንትዋብ» የሚለውን ስም መርጠናል። ከማስመዝገባችን በፊት ግን ማጣራት የምንፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ግማሹ ሰው ግዕዝ ነው ይላል፣ ግማሹ አማርኛ፤ ትክክለኛው ትርጉም የቱ ነው? አጻጻፉንም «ምንትዋብ»፣ «ምንተዋብ»፣ «መንተዋብ» ተብሎ አይተነዋል። ደግሞስ የጎንደሯን እቴጌ ምንትዋብን ሁሉም እያወቃት ስሙ ለምን እንዲህ ብርቅ ሆነ? ለልጅ የማይመች ነገር ካለው ሳትደብቁ ንገሩን።

ግስ ወዳድ፦
አማርኛ ነው፤ ያውም ሙሉ ዓረፍተ ነገር። «ምን» እና «ትዋብ» ተጋጥመው አንድ ስም ሆኑ። «ትዋብ» ከ«ተዋበ» የመጣ ሲሆን ውብ፣ ውበት፣ ውቢት ቤተሰቦቹ ናቸው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ተዋበች ስምም ከዚሁ ግስ ነው። እሱ ያለቀ ነገር ይናገራል፤ ውብ ሆነች። «ምንትዋብ» ግን ገና እየተደነቀ ነው።

ግዕዝ ነው የሚያሰኘው «ምንት» በግዕዝ «ምን» ማለት መሆኑ ነው። ሆኖም ስሙን «ምንት» እና «ዋብ» ብላችሁ ብትከፍሉት «ዋብ» ባዶውን ይቀራል። «ዋቢ» ከሚለው ቃል ጋር አያይዘው «ዋስ፣ ምስክር» የሚሉም አሉ፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ብ» ሳድስ ስለሆነ ያ አያስኬድም። «ት»ን ለግሱ መልሱለትና ነገሩ ይፈታል፦ «እሷ»ን የምታመለክተው ፊደል እሷ ናት።

በ«ምን» የሚጀምሩ የዓረፍተ ነገር ስሞች አማርኛ ውስጥ ሞልተዋል፦ ምንያህል፣ ምንይችል፣ ምናሉ፣ ምንተስኖት። «ምንትዋብ» የእነሱ እህት ናት። «ምን ትሁን፣ ምን ታድርግ» እንደምንለው «ምን ትዋብ» ማለት «ከዚህ በላይ ምን ትዋብ!» ማለት ነው። ውበቷ ሞልቷል፣ የሚጨመርበት የለም።

የቋራ ልጅ፦
በአከፋፈሉ እስማማለሁ። በትርጉሙ ላይ ግን ሌላም ንባብ እንዳለ መነገር አለበት። «ተሳመ» እና «ተዋበ» አንድ ዓይነት እርባታ አላቸው። «ትሳማለች» ከሚለው «አለች» ሲወድቅ «ትሳም» ይቀራል፣ ትእዛዙም «ትሳም» ነው። «ትዋብ»ም እንዲሁ። ቅኔና ተረት «አለች»ን እየጣለ መናገር ይወዳል፤ በዚያ ከሄድን «ምን ትዋብ!» ማለት «እንዴት ታምራለች!» ይሆናል። ብዙ መጻሕፍት «ምን ያህል ውብ ናት» ብለው የሚተረጉሙት ከዚህ ነው። ሁለቱም ሰዋስው ይደግፋቸዋል፤ ለእኔ የ«ግስ ወዳድ» ንባብ የበለጠ ጉልበት አለው።

የእቴጌይቱን ታሪክ በተመለከተ፦ የቋራ ሰው ናት፣ የአፄ በካፋ ባለቤት። በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞት ልጇ ኢያሱ ዳግማዊ ሕፃን ስለነበረ እሷም ዘውድ ጭና ከእሱ ጋር ገዛች። ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለውን የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን፣ ጣና ላይ በደቅ ደሴት ያለውን የናርጋ ሥላሴን አሠራች። ናርጋ ላይ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችው እሷ ናት። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1773 ነው።

ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ሴትዮዋ ሦስት ስም ነበራት። የክርስትናዋ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የመንግሥቷ ብርሃን ሞገሳ፣ መጠሪያዋ ምንትዋብ። ስለዚህ «የንግሥና ስም ለልጅ አይሰጥም» የሚላችሁ ካለ ተሳስቷል። «ቤተ ክርስቲያን ላይ ያስቸግራል» የሚለውም እንዲሁ፤ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና ስሟ ለብቻው ይወጣላታል፣ ከመጠሪያዋ ጋር አይጋጭም።

ስም ፈላጊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ትርጉሙ አሁን ገባን። ብርቅ የሆነበትን ምክንያትና አጻጻፉን የሚያብራራልን ካለ?

መዝገብ ያዥ፦
ብርቅነቱ በእኔ እይታ ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ስሙ በአንዲት ሴት ተይዟል። «ዘውዲቱ»ም የንግሥት ስም ነው፣ ግን «ዘውድ» የሚለው ቃል ለማንም ጆሮ ግልጽ ስለሆነ በየቤቱ ገብቷል። «ምንትዋብ» ግን ካልፈቱት ትርጉሙ አይታይም፤ ሰው ሲሰማው ጎንደርን እንጂ ውበትን አያስብም። ሁለተኛው የስም ወግ መለዋወጥ ነው። አበበች፣ ተዋበች የሚሉት የአያቶች ስም ሆነዋል፤ ውብነሽና መሰሎቹም ከዚያ ተከትለው ቀነሱ፤ ዛሬ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚወሰዱና አጠር ያሉ ስሞች ይበረታሉ። ይህ ስም ከየትኛውም ማዕበል ጋር አልመጣም፣ ስለዚህ የማንም ዘመን ስም አይመስልም። ያ ጥቅሙ ነው።

አጻጻፉ «ምንትዋብ» ይሁን፣ «ት» ሳድስ። «ምንተዋብ» ብላችሁ ከጻፋችሁ «ተ» ግሱን ያበላሸዋል፣ «ምን ተዋብ» የሚባል አማርኛ የለም። «መንተዋብ» ደግሞ ከላቲን ፊደል ተመልሶ የተጻፈ ስህተት ነው፤ «መንታ»ን ያስታውሳል። ሲነበብ «ምን» ላይ ትንሽ ቆረጥ ይደረጋል፣ ከዚያ «ትዋብ»፣ «ዋ» ጠብቃ። አላልተው «ምንት-ዋብ» የሚሉ አስተማሪዎች ያጋጥሟችኋል፤ ከመጀመሪያው ቀን አርሟቸው።

በላቲን ፊደል የተለመደው ኤም፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኢ፣ ደብሊው፣ ኤ፣ ቢ ነው። ችግሩ፣ የውጭ ሰው «ሜንቴዋብ» ብሎ ያነበዋል። በሁለቱ «ኢ» ፈንታ «አይ» ብታስገቡ ለሳድሱ ይቀርባል፣ ግን ልጅቷ ስሟን በታሪክ መጻሕፍት ካለው የተለየ ሆኖ ታገኘዋለች። የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ብቻ አንዱን ያዙ። የልደት ምዝገባ በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ ባለሙያው በአማርኛም በላቲንም የጻፈውን ፊደል በፊደል ሳታነቡ አትፈርሙ። በልደት ሰርተፍኬትና በፓስፖርት መካከል የአንዲት ፊደል ልዩነት ሌላ ማመልከቻና ማስረጃ ያስመጣል። የአባትና የአያት ስምም አብሮ ስለሚገባ ድምሩ ረጅም ከሆነ ቅጽ ላይ እንዳይቆረጥ እዩ።

ግስ ወዳድ፦
ሳትደብቁ ስላላችሁ አንድ ልጨምር። ልጆች ስሙን ከፊቱ ቆርጠው «ምንትስ» ይሉታል፣ ወይም «ምንቸት»። መድኃኒቱ የቤት መጠሪያውን ከኋላው ማውጣት ነው፤ «ውብዬ» ወይም «ውቢት» ብላችሁ ከሕፃንነቷ አስለምዷት። «ምንትዬ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን «ምንትስ»ን ራሳችሁ ጠራችሁት።

«ውብሸት» ብለው ሊያቆላምጧት የሚፈልጉ ዘመዶች ካሉም አስቁሟቸው፣ እሱ የወንድ ስም ነው።